የእጅ አትክልት መክተፊያ አጠቃቀም፦ ሽንኩርቱ ውሃ እንዳይሆን

በገመድ በሚሳበው የእጅ መክተፊያ ላይ የሚሰማው ቅሬታ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ከላይ ያልተነካ ጉማጅ፣ ከታች ደግሞ ውሃ የሆነ ሽንኩርት። ሰው ወዲያው የሚያማው ዕቃውን ነው። ያው ዕቃ ግን፣ በዚያው ምላጭ፣ እኩል የተከተፈና ማንኪያ ላይ የማይጣበቅ ሽንኩርት ማውጣት ይችላል። ለውጡ ያለው ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት እንዴት እንደተቆራረጠ፣ ዕቃው ምን ያህል እንደተሞላና ገመዱ ስንት ጊዜ እንደተሳበ ላይ ነው።

ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው። ውሃው በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ተቋጥሮ ይቀመጣል። የሰላ ምላጭ ፈጥኖ ሲያልፍ የሚከፍተው የነካቸውን ሕዋሳት ብቻ ነው፤ የደነዘዘ ወይም እየተንፏቀቀ የሚዞር ምላጭ ግን አጠገቡ ያሉትንም ይጨፈልቃል። ያኔ ውሃው ይለቀቃል፤ ዓይን የሚያቃጥለው ነገርም አብሮ ይበዛል፤ ጣዕሙም ወደ ምሬት ያደላል። ውሃው ከታች ከተጠራቀመ በኋላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ ቁርጥራጮቹ ውሃው ላይ እየተንሳፈፉ ከምላጩ ጋር አብረው ይዞራሉ እንጂ አይቆረጡም። እንዲህ ያለ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ውሃ ላለማስወጣት ነው።

ዕቃውን ማወቅ

ከታች ጎድጓዳ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ መሐሉ ላይ አጭር ችንካር ቆሟል። ምላጮቹ የተተከሉበት ዘንግ እዚያ ችንካር ላይ ይቀመጣል። ምላጮቹ እንደ ዕቃው 2፣ 3 ወይም 5 ይሆናሉ፤ ከፍታቸውም ይለያያል፣ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከመሐል፣ ሌላው ከላይ እንዲቆርጥ። ክዳኑ ውስጥ ገመድ የተጠቀለለበት መዘውርና ገመዱን መልሶ የሚስብ ሞላ አለ። ከሥሩ ያለው ጎማ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ እንዳይንሸራተት ነው፤ ጎማው ቅባት ከነካው ሥራውን ስለሚያቆም ከመጀመራችሁ በፊት እሱንም ጠረጴዛውንም ጠረግ አድርጉ።

በታችኛው ምላጭና በዕቃው ወለል መካከል ትንሽ ክፍተት መኖሩን ልብ በሉ። እዚያ ውስጥ የገባ ነገር አይቆረጥም። ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ጨምረው መቶ ጊዜ ቢስቡት የማይደቀው ለዚህ ነው።

ሽንኩርትን በምሳሌ

ወደ 500 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ዕቃ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ይበቃል። 900 ሚሊ ሊትር ለሚይዘው ሁለት። ከግማሽ በላይ መሙላት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ አይቆጥብም፤ የላይኛው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ስለሚያጣ የታችኛው ውሃ እስኪሆን ድረስ የላይኛው ጉማጅ ሆኖ ይቆያል። ብዙ ሽንኩርት ካለ በየተራ ክተፉት።

ሽንኩርቱን ላጡ፤ ሥሩ በኩል ያለውን ጠንካራ ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት። ይሄ ክፍል ቅጠሎቹን አንድ ላይ አሥሮ ስለሚይዝ፣ ከተተወ ምላጩ ሙሉውን ጉማጅ ይዞ ያዞረዋል። ከታጠበ በጨርቅ አድርቁት። ከዚያ ለሁለት፣ እያንዳንዱን ግማሽ ደግሞ ለአራት ቁረጡት፤ በድምሩ 8 ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። አሁን ብዙ ሰው የሚዘላት ነገር አለች፦ ቁራጮቹን በጣት ፈልቀቅ አድርጋችሁ ቅጠሎቹን ለያዩአቸው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የተለያየ ቅጠል በምላጩ ላይ ለየብቻው ይወድቃል፤ የተጣበቀው ግን እንደ ኳስ ይነጥራል።

ምላጩ ከአትክልቱ በፊት ይገባል። የሚያዘው ከላይ ባለው ፕላስቲክ ነው፤ ምላጩ ስስ ስለሆነ የማይቆርጥ ይመስላል፣ ጣት ላይ ግን እንደ መላጫ ነው። ችንካሩ ላይ በደንብ መቀመጡን በፕላስቲኩ ጫፍ አዙራችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ሽንኩርቱን ዙሪያውን በትኑት። ክዳኑ አልገጥም ካለ አትጫኑት። የዘንጉ ጫፍ ከክዳኑ ቀዳዳ ጋር ሳይገናኝ ቀርቶ ነው፤ ክዳኑን አሳርፋችሁ ገመዱን ጥቂት ሳብ፣ መለስ ስታደርጉ ራሱ ጥልቅ ይላል።

አንዱ እጅ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳርፎ ወደ ታች ይጫናል። ሌላው ገመዱን ከሚወጣበት ቀዳዳ ጋር እኩል አድርጎ ወደ ጎን ይስባል። ወደ ላይ መሳብ ሁለት ጉዳት አለው፦ ክዳኑን ያነሳዋል፣ ገመዱም በቀዳዳው ጠርዝ እየታሸ ይላላጣል። የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 አጭርና ፈጣን አድርጓቸው፣ የጣት ርዝመት ያህል። እነዚህ ትልልቁን ለመስበር ናቸው። እጅ ላይ የሚሰማው ግትርነት ለቀቅ ሲል ረጅሙን ጀምሩ፤ ግን ገመዱ እስኪያልቅ ድረስ አትሳቡት፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚነጨው ጫፉ ያለውን ቋጠሮ ነው። ሲመለስም እጀታውን ይዛችሁ መልሱት። ለቅቀውት «ጧ» ሲል ደስ ይላል፤ ሞላውን የሚያበላሸውም እሱ ነው።

ፍጥነት ከጉልበት ይበልጣል። ቀስ ተብሎ የተሳበ ገመድ ይጨፈልቃል።

አምስት ረጅም ከሳባችሁ በኋላ አቁሙና ክፈቱ። ባለ 3 ምላጭ ከሆነ በዚህ ጊዜ ሽንኩርቱ ሻከር ያለ፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ያለበት ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በእንጨት ማንኪያ ወደ መሐል መልሱ፤ ትልቅ ጉማጅ ካለ ወደ ታች ግፉት። ክዳኑን መልሳችሁ ሌላ አምስት ከሳባችሁ ለአብዛኛው ምግብ የሚሆን መካከለኛ ክትፍ ታገኛላችሁ። 15 ሲደርስ ደቀቅ ይላል። ከ20 በኋላ የምታገኙት ክትፍ ሳይሆን ልቁጥ ነው፤ ፈልጋችሁት ከሆነ ጥሩ። ባለ 5 ምላጩ ላይ ቁጥሩን በሲሶ ያህል ቀንሱ። የራሳችሁን ዕቃ ቁጥር አንዴ ቆጥራችሁ ከያዛችሁ ሁለተኛ መገመት አያስፈልግም።

ድምፁም ይናገራል። መጀመሪያ ጓ ጓ ይላል፤ ሲቆረጥ ወደ ሹክሹክታ ይለወጣል። ጭል ጭል የሚል የእርጥብ ነገር ድምፅ ከሰማችሁ ውሃው ወጥቷል፤ እዚያው አቁሙ።

ሌሎቹ አትክልቶች

ካሮት ጠንካራ ስለሆነ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ቁራጭ አይግባ። ወፍራሙን ጫፍ መጀመሪያ ለአራት ሰንጥቁት። ዕቃው ከሲሶ በላይ አይሞላ፤ አጭር አሳሳቡን ወደ 6 ወይም 7 ከፍ አድርጉት። ገመዱ ከተያዘ በጉልበት አትንጩ፤ ክፈቱ፣ ምላጩ ሥር የተወሸቀውን ቁራጭ በማንኪያ ጭራ አላቁ። የአብዛኛው ገመድ ዕድሜ የሚያጥረው በዚህች አንዲት ንጭታ ነው።

ቲማቲም ተቃራኒው ነው። ለአራት ቆርጣችሁ ፍሬውንና ውሃውን በማንኪያ ካወጣችሁ በኋላ 3 ወይም 4 ስባ (ገመዱን መሳብ) ይበቃዋል። ፍሬውን ሳያወጡ መክተፍ ይቻላል፣ ግን የሚወጣው ለስጎ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም።

ቃሪያ ፍሬውና ነጩ ክሩ ይውጣለት። ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ፤ የሚያቃጥለው ነገር ታፍኖ ስለቆየ በአንዴ ነው የሚወጣው።

ነጭ ሽንኩርት ቢያንስ የታችኛውን ምላጭ እስኪሸፍን ድረስ መብዛት አለበት። ትንሽ ከሆነ ወይ በቢላ ክተፉት፣ ወይ ከሽንኩርቱ ጋር ጨምሩት። ዝንጅብል ክር አለው፤ ክሩን አቋርጣችሁ እንደ ሳንቲም ስስ አድርጋችሁ ካልቆረጣችሁት ዘንጉ ላይ እንደ ፈትል ይጠመጠማል። ጎመንም ወፍራም አጥንቱ ወጥቶለት ቅጠሉ በ3 ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ፣ ሳይጠቀጠቅ ይግባ።

የድንብላል ቅጠልና የመሳሰለው ጨርሶ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ቅጠል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ሲጨፈለቅም ይጠቁራል። ቅጠል ቀላል ስለሆነ ዕቃውን ሞልቶ ቢገባም ችግር የለውም፣ ሁለት ስባ ሳይሞላው ይሰምጣል።

ብዙ ዓይነት አንድ ላይ ለመክተፍ ከፈለጋችሁ በጥንካሬ ተራ አስገቡ። ካሮቱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ቲማቲሙ በመጨረሻው 3 ስባ። ሁሉን በአንዴ የጨመረ ሰው ቲማቲሙ ጭማቂ፣ ካሮቱ ጠጠር ሆኖ ያገኘዋል።

በረዶ፣ አጥንት፣ ቡና፣ የደረቀ እህልና ከማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ የወጣ ነገር አይገባም። ምላጩ ይቆለመማል ወይም ችንካሩ ይሰበራል፤ ችንካሩ ከተሰበረ ዕቃው አለቀለት። ጥሬ ሥጋ ጅማቱ ወጥቶለት በ2 ሴንቲ ሜትር ከተቆረጠ ይከተፋል፣ ግን ጅማት ከቀረ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ከሥጋ በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ ሰላጣ አትክተፉበት።

በመጫን የሚከትፈው

የፍርግርግ ምላጭ ያለውና ክዳኑ ተጭኖ የሚከትፈው ሌላ ዓይነት ነው። እሱ እኩል ኩብ ስለሚያወጣ ለሰላጣ ከባለ ገመዱ ይሻላል፤ ለደቀቀ ነገር አይሆንም። ሽንኩርቱን ወይም ቲማቲሙን ለሁለት ቆርጣችሁ የተቆረጠው ፊት ወደ ምላጩ፣ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። ምላጩ በለስላሳው በኩል ከገባ ቀላል ነው፤ በቆዳው በኩል ከሆነ ተንሸራቶ ይጨፈልቃል። ድንችና ካሮት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጠው ይግቡ። ጭነቱ ባንድ ፈጣን ግፊት፣ በመዳፍ፣ ከማጠፊያው ራቅ ብሎ በክዳኑ ፊት ለፊት በኩል ይሁን። ቀስ እያሉ መጫን ማጠፊያውን ሊጎዳው ይችላል። ፍርግርጉ ውስጥ የቀረውን በጣት መግፋት ፈጽሞ አይሞከርም፤ አብሮት የሚመጣ ማበጠሪያ መሰል ማጽጃ ከሌለ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይሆናል።

እጥበትና ብልሽት

እንደጨረሳችሁ ወዲያው እጠቡ፤ የደረቀ ሽንኩርት ከምላጭ ላይ ማስለቀቅ ጣት የሚያስቆርጥ ሥራ ነው። ጎድጓዳውና ምላጩ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠባሉ። ምላጩን ሳሙና በሞላው ሳፋ ውስጥ ጥላችሁ አትሂዱ፤ ቀጥሎ እጁን የሚያስገባ ሰው አያየውም። ክዳኑ ግን ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ውስጡ የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው ሞላው ይዝጋል፣ ገመዱም ይሸታል። እርጥብ ጨርቅ ላይ ትንሽ ሳሙና አድርጋችሁ ታችኛውን ፊት ጥረጉት። በአጋጣሚ ውሃ ከገባበት ተገልብጦ አየር ባለበት ቦታ አንድ ሌሊት ይቆይ። ካሮት ፕላስቲኩን ብርቱካናማ ካደረገው ከሳሙናው በፊት በዘይት እሹት፤ ቀለሙን ውሃ ሳይሆን ዘይት ነው የሚያስለቅቀው። ለሽታው ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ ጎድጓዳውን ቀብታችሁ አቆዩት።

ገመዱ አልመለስ ካለ መጀመሪያ ቆሻሻውን ጠርጥሩ። እስከሚሄድበት ድረስ በቀስታ ጎትታችሁ አውጡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ በእጅ እየያዛችሁ መልሱት። አብዛኛው በዚህ ይስተካከላል። ካልሆነ ገመዱ ከመዘውሩ ወርዷል ወይም ሞላው ወጥቷል። ክዳኑ በብሎን የታሰረ ከሆነ ከፍቶ ማየት ይቻላል፣ ግን ተጠቅልሎ የተቀመጠ ሞላ ሲለቀቅ በኃይል ስለሚዘል ዓይንን አርቆ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ነው። በብሎን ሳይሆን ተጣብቆ የተዘጋውን አትፈልቅቁት፤ ተመልሶ አይገጥምም።

ምላጩ መደነዙን የሚናገረው የቲማቲም ቆዳ ነው። ድሮ በ4 ስባ የሚቆረጠው ቆዳ ረጅም ክር ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ቅጠል በጠርዙ ከጠቆረ፣ ምላጩ ደክሟል። ስስና ጎባጣ ስለሆነ ቤት ውስጥ መሳል ብዙ አያዋጣም፤ መለዋወጫ ምላጭ ካለው እሱን መቀየር ይቀላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የዘንጉን ቁመትና ከታች ያለውን ቀዳዳ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያጠረ ዘንግ ክዳኑ ላይ አይደርስም፣ ስትስቡት ገመዱ ብቻ ይመላለሳል፣ ምላጩ ቆሞ ያያችኋል።