ከድርጊቱ በፊት ይምጡ፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪንና ተመራማሪን በኢሚግሬሽን ጉዳይ ማማከር

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ በአማካሪነት ሥራ ለጀመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ሆኖም ቢሮ ሳይኖራቸው በተማሪዎች ማኅበር ወይም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ «እስቲ ይህችን ወረቀት እይልኝ» ለሚባሉ ወገኖችም ይጠቅማል። የኢሚግሬሽን ደንብ ከሩቅ ሲያዩት የቁጥርና የፎርም ክምር ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን አብዛኛው በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ፈቃዱ ከድርጊቱ ይቀድማል። ስለዚህ አማካሪ ደንቡን ከማወቁ ባልተናነሰ፣ ተማሪው ነገሩን ከመፈጸሙ በፊት በሩን እንዲያንኳኳ ማድረግ ይኖርበታል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በሩን በግማሽ ከፍቶ «ላስቸግርዎት ነው» አለኝ። ዓርብ ማታ የፈተና ውጤቱን አይቶ ተስፋ ስለቆረጠ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ከስልኩ ላይ ድሮፕ አድርጎታል። 12 የነበረው ክሬዲት 9 ሆኗል። የኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ ምድብ) ተማሪ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ከዚያ ዝቅ ለማለት በቂ ምክንያት ቢኖረው እንኳ ፈቃዱ ኮርሱን ከመጣሉ በፊት በሴቪስ፣ ማለትም መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን በሚከታተልበት የኮምፒውተር መዝገብ፣ መመዝገብ ይኖርበታል። ዓርብ ከሰዓት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ኮርሱ ከደረጃው በላይ መሆን አለመሆኑን፣ ወይም ሐኪም የሚመሰክረው የጤና ችግር እንዳለበት እንመረምር ነበር። ሰኞ ግን የቀረን አማራጭ መምህሩንና ሬጅስትራሩን ለምኖ ማስመለስ ብቻ ነበር። በዚያው ዕለት መልሰው ስለመዘገቡት በደህና አለፈ። ለምን ቀድሞ እንዳልመጣ ስጠይቀው «ለትንሽ ነገር ሰው ላስቸግር ብዬ ነው» አለ። ይህ ይሉኝታ ከቤት ይዘነው የመጣነው ነው፤ በሌላ ቦታ ጨዋነት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ ግን ስታተስ (በአገሩ በሕጋዊነት የመቆየት መብት) ያስከፍላል። ስለዚህ በመግቢያው ሳምንት ገለጻ ላይ ደንቡን በሙሉ ከመዘርዘር ይልቅ «ኮርስ ከመጣል፣ ሥራ ከመጀመር፣ ከአገር ከመውጣት፣ ዋና የትምህርት መስክን ከመቀየር በፊት ኑ» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ቢደግሙት ይሻላል። አድራሻ ከተቀየረ በኋላም 10 ቀን ሳያልፍ እንዲያሳውቁ ያክሉበት።

መጀመሪያ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ

ተማሪው ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት ፓስፖርቱን፣ አይ-20 (ለኤፍ-1) ወይም ዲኤስ-2019 (ለጄ-1) የተባለውን ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ቅጽ፣ ቪዛውንና የአይ-94 የመግቢያ መዝገቡን ጎን ለጎን ይዩ። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ራሱ ከአራቱ አንዱን ከሌላው ከማምታታት የመጣ ሆኖ ይገኛል። ቪዛ የመግቢያ በር ቁልፍ ነው፤ ገብቶ ለመኖር የሚያስችለው ስታተሱ ሲሆን፣ እሱም በአይ-20ውና በአይ-94ቱ ላይ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የአሜሪካ መንግሥት ለኢትዮጵያ ዜጎች የሚሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ እንዲሆን ካደረገ ወዲህ፣ «ቪዛዬ ሊቃጠል ነው» ብሎ የሚደናገጥ ተማሪ በዝቷል። በትምህርቱ ላይ እስካለና ደንቡን እስካከበረ ድረስ አገር ውስጥ ሆኖ የቪዛው ቀን ማለፉ ስታተሱን አይነካውም። ነገር ግን ለእናቱ ተዝካር አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ የሚያስብ ከሆነ አዲስ ቪዛ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል፤ የኤምባሲው ቀጠሮ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ በኋላ ሊውል እንደሚችልም ትኬት ከመቁረጡ በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል። በአይ-20ው ላይ ያለው የጉዞ ፊርማ ለተማሪ አንድ ዓመት፣ ኦፒቲ (ከትምህርት በኋላ በሙያ የመሥራት ፈቃድ) ላይ ላለ ደግሞ ስድስት ወር ብቻ እንደሚያገለግል ያስታውሱት።

አይ-94ቱን ሁልጊዜ ያትሙት። ጥንዶች አብረው ሲገቡ ወይም የጎብኚ ቪዛም ያለው ሰው ሲገባ መኮንኑ የተሳሳተ ምድብ የሚያስገባበት አጋጣሚ አለ፤ ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተያዘ የድንበር ጥበቃው ቢሮ ያርመዋል፣ ከዓመት በኋላ ከተገኘ ግን ራስ ምታት ነው።

ስምና ቀን ለእኛ ተማሪዎች የተለየ ጣጣ አላቸው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባትና የአያት ስም አንዱ ፎርም ላይ በአንድ ሳጥን፣ ሌላው ላይ በሌላ ሳጥን ይገባል። መለኪያው በፓስፖርቱ ግርጌ ያሉት ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አይ-20ው እነሱን ይከተል። አንዱ ሳጥን ባዶ ሲቀር ቪዛው ላይ ‹ኤፍ.ኤን.ዩ.› የሚሉ ፊደላት ይታተማሉ፣ ትርጉማቸውም የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው። ያ ስም እስከ መንጃ ፈቃድና እስከ ክፍል ስም ዝርዝር ድረስ ይዘልቃል፤ ተማሪውን «ፍኑ» ብለው የሚጠሩ መምህራን አሉ። ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው፦ በ2012 ዓ.ም. ትምህርት የጨረሰ ልጅ ትራንስክሪፕቱ ሳይቀየር ከተተረጎመ ስምንት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ የቆየ ይመስላል። የልደት ቀን ሲነገርዎት «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለው ይጠይቁ።

የሥራ ጥያቄ

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። ኤፍ-1 ተማሪ ግቢ ውስጥ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ከግቢ ውጭ ግን ያለ ፈቃድ አንድ ቀንም አይፈቀድለትም። «በዘመዴ ኡበር ስም ብነዳስ?» ወይም «ሬስቶራንቱ በካሽ ነው የሚከፍለኝ» የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ገንዘቡ በምንም መልክ ቢከፈል ሥራ ሥራ ነው፤ ክሬዲት ያጓደለ ተማሪ ስታተሱ እንዲመለስለት ማመልከት ሲችል፣ ያለ ፈቃድ የሠራ ግን ያንን መንገድ በራሱ ላይ ይዘጋል። ይህን ሲናገሩ አይቆጡ፤ ጥያቄውን ይዞ የመጣው ገና አልሠራም ማለት ነውና።

ክልከላውን ብቻ ነግረው አይሸኙት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አባቱ በብር እያጠራቀመ የሚከፍልለት ተማሪ የሴሚስተር ክፍያው በአንድ ክረምት እጥፍ ሆነበት። ደንቡ ደግሞ ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ለሚለው የሥራ ፈቃድ ምክንያት አድርጎ ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ የምንዛሪ ዋጋ ከፍተኛ መዋዠቅ ነው። አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ያጠናቀቀ፣ በትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ የግቢ ሥራ ያላገኘ ወይም ያልበቃው ተማሪ በአማካሪው ድጋፍ አይ-765 የተባለውን የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ ቅጽ ለኢሚግሬሽን አገልግሎቱ ማስገባት ይችላል። የባንክ ማስተላለፊያዎችን፣ የቀድሞውንና የአሁኑን ምንዛሪ፣ የወላጅን ደብዳቤ ከትርጉም ጋር አያይዞ ያቅርብ። የፈቃድ ካርዱ እጁ እስኪገባ ድረስ ግን ሥራ አይጀምርም። ይህን መንገድ የማያውቁ አማካሪዎች አጋጥመውኛል፤ ባለማወቃቸው ተማሪውን ወደ ካሽ ሥራ እንደሚገፉት አይታያቸውም።

ስለ ኦፒቲ የሚባለው ባጭሩ የቀን ጉዳይ ነው። ማመልከቻው ትምህርቱ ከሚያበቃበት ቀን 90 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 60 ቀን በኋላ ድረስ ይገባል፤ አማካሪው በሴቪስ ድጋፉን ካስገባ በኋላም 30 ቀን ሳይሞላ መድረስ አለበት። ኦፒቲው ከጀመረ በኋላ ሥራ የሌለበት ጊዜ በድምሩ ከ90 ቀን እንዳይበልጥ ይቆጠራል። ሲፒቲን (ትምህርት ሳያበቃ የትምህርቱ አካል ሆኖ የሚፈቀድ ሥራን) በሙሉ ጊዜ 12 ወር የተጠቀመ ደግሞ በዚያ ደረጃ ኦፒቲ የለውም።

ተመራማሪ ሲመጣ

የጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ ምድብ) ተመራማሪ ጉዳይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከመምጣቱ በፊት ነው። የትምህርት ክፍሉ «ለአራት ወር የሚመጣ እንግዳ አለን» ሲል ምድቡን እርስዎ ይምረጡ እንጂ ለጸሐፊዋ አይተዉት። በተመራማሪ ምድብ የገባ ሰው ፕሮግራሙ ካበቃ በኋላ በዚያው ምድብ ለመመለስ 24 ወር መጠበቅ አለበት፤ እስከ ስድስት ወር የሚፈቅደው የአጭር ጊዜ ምሁር ምድብ ግን ይህ ገደብ የለበትም። አራት ወር ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ለረጅም ጊዜ መመለስ የሚያስብ ፕሮፌሰር በአንዲት ምልክት ሁለት ዓመት ሊያጣ ይችላል። ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት የመኖር ግዴታም በመንግሥት ገንዘብ፣ በሙያ ዝርዝር (አገሩ የምትፈልጋቸው ሙያዎች ዝርዝር) ወይም በሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ምክንያት ይመጣል። የሙያ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ስለተሻሻለ አሮጌውን ይዘው አይፍረዱ። ግዴታው እንዲነሳለት የሚፈልግ ሰው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድጋፉን ከሰጠ በኋላ ዲኤስ-2019 ማራዘም እንደማይቻል አስቀድሞ ይወቅ።

ማቆም የሚገባዎት ቦታ

አማካሪው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ እንጂ የተማሪው ጠበቃ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ለመንግሥት የሚያሳውቃቸው ነገሮች አሉ፤ ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ንግግር ያለው ከለላም እዚህ የለም። ስለዚህ ተማሪው «አንድ ምስጢር ልንገርዎት» ሲል በትሕትና ያስቁሙትና ይህንኑ ይንገሩት። ጥገኝነት ለመጠየቅ፣ ዜጋ ለማግባት፣ ወይም የደረሰው ዲቪ የተማሪ ቪዛውን ይነካበት እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጠበቃ ያስፈልገዋል። የጥገኝነት ማመልከቻ ከገቡበት ቀን ጀምሮ የአንድ ዓመት ገደብ ስላለው ግን «ጠበቃ ዛሬውኑ ያነጋግሩ» ማለት ይገባል። የጠበቆችና የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒኮች ዝርዝር ይስጡ እንጂ አንድ ስም አይምረጡ፤ በሱቅ ጓዳ ፎርም የሚሞሉ ሰዎች የሕግ ምክር መስጠት እንደማይፈቀድላቸውም ይናገሩ።

በየጠዋቱ ሴቪስን ከፍተው የተማሪዎችዎን መዝገብ ማየትን ልማድ ያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ ወራት የብዙ ሺህ ተማሪዎች መዝገብ በድንገት ተቋርጦ በፍርድ ቤት ክርክር ሲመለስ፣ ማቋረጡን በዚያው ቀን ያዩ ቢሮዎች ተማሪዎቻቸውን በጊዜ ወደ ጠበቃ መላክ ችለዋል።

ተማሪው ከቢሮዎ ሲወጣ ምን እንደጠየቀ፣ የትኞቹን ወረቀቶች እንዳዩ፣ ምን እንደመለሱና የትኛው ቀን እንዳያልፍበት እንዳስጠነቀቁት በአጭር ኢሜይል ይላኩለትና ፋይሉ ውስጥ ያስቀምጡት። ውይይቱ በአማርኛ ቢካሄድም ኢሜይሉ በእንግሊዝኛም ይጻፍ፤ ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ባልደረባዎ አማርኛ ላያነብ ይችላል።