ዋጋ መናገር ለሚከብደው ነጋዴ

ዓይን አፋር ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ዋጋ በሚናገርባት ቅጽበት ነው። «4,000 ብር... ግን እንነጋገራለን» ካሉ ሳይጠየቁ ቀንሰዋል፤ ገዢው «ግን» የምትለዋን ይዞ ነው ክርክር የሚጀምረው።

ማታ ዋጋውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ጮክ ብለው 10 ጊዜ ይበሉት፦ «4,000 ብር ነው፤ ማድረሻውን ይጨምራል።» በስልክዎ ቀድተው ያዳምጡት። መጨረሻው ላይ ድምፅዎ ከሳሳ ወይም እንደ ጥያቄ ከወጣ ይድገሙት። ደንበኛው ፊት ከተናገሩ በኋላ ደግሞ በልብዎ እስከ 5 እየቆጠሩ ዝም ይበሉ። ከባዱ ይሄ ነው! ሰው ዝምታው ጨንቆት ነው ሳይጠየቅ የሚቀንሰው።

የመጨረሻ ዋጋዎን ሱቅ ሳይከፍቱ ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ገዢ ፊት ቆሞ መወሰን ያቅተዋል። ሲቀንሱም በምትኩ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ሁለት ከወሰዱ»፣ ወይም «አሁኑኑ ከከፈሉ» ይበሉት።

በዱቤ የሰጠውን ገንዘብ መጠየቅ ለሚያሳፍረው፦ ዕቃውን ሲሰጡ «ዓርብ እደውላለሁ» ብለው ይናገሩ፤ ያኔ ስልኩ የሚጠበቅ ይሆናል። ዓርብ ሲደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ ወደ ጉዳዩ ይግቡ። የቤተሰቡን ጤና አምስት ደቂቃ ከጠየቁ በኋላ ገንዘብ ማንሳት ይብሱን ያሳፍራል።