የእንግሊዝ ጦር የክንድ ምልክቶችን እንዴት መለየትና መሰብሰብ ይቻላል?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደር ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱም እጅጌው ላይ፣ የክፍለ ጦሩን ምልክት ይሰፋ ነበር። አብዛኛው ምልክት ስምም ቁጥርም የለበትም፤ ጠላት የትኛው ክፍለ ጦር የት እንዳለ እንዳያውቅ በሥዕል ብቻ ተሠራ። ልማዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ፣ በሰላሙ ጊዜ ተቋርጦ፣ በ1940 ተመለሰ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ክልልዎን ያጥብቡ። ሁሉን ልሰብስብ ያለ ሰው ገንዘቡን በቅጂ ይጨርሳል። አንድ ግንባር ወይም አንድ ክፍለ ጦር ይምረጡ። ለእኛ ቅርብ የሆነው የ1941ዱ የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ነው፤ ከረን ላይ የተዋጉት 4ኛውና 5ኛው የህንድ ክፍለ ጦሮች ናቸው። የ4ኛው ምልክት በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ንስር፣ የ5ኛው ደግሞ በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ክብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የአውራሪስ ጭንቅላት ያለበት የ11ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍለ ጦር ምልክት «አዲስ አበባ የገባው ጦር» ተብሎ ሲሸጥ ሊያዩ ይችላሉ። በኤፕሪል 6 ቀን 1941 አዲስ አበባ የገባው 11ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ነው። አውራሪሱ ግን በ1943 ተቋቁሞ በርማ የተዋጋ ሌላ ክፍለ ጦር ነው።

ቀጥሎ ሥዕሉን ከነቀለሙ ያንብቡ። የበረሃ አይጥ የተሣለችበት ምልክት ላይ አይጧ ቀይ ከሆነች 7ኛው ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ነው፤ ጥቁር ከሆነች 4ኛው ብረት ለበስ ብርጌድ፣ አረንጓዴ ከሆነች 7ኛው ብረት ለበስ ብርጌድ። ፊደልም ይረዳል፦ በጥቁር ላይ ያሉት ሁለት ቀይ «ቲ»ዎች የታይንና የቲስ ወንዞች ናቸው፤ ክፍለ ጦሩም 50ኛው ኖርዘምብሪያን ነው። የእንስሳ ሥዕል ያላቸው ብዙ ምልክቶች ለቀኝና ለግራ እጅጌ ፊት ለፊት እየተያዩ በጥንድ ተሠርተዋል። ስለዚህ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚያይ እንስሳ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኝም።

አሁን ይገልብጡት። ፊቱን መኮረጅ ቀላል ነው፤ እውነቱ የሚገኘው ጀርባው ላይ ነው። የጦርነቱ ዘመን ምልክቶች በብዛት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ በጥጥ ጨርቅ ላይ የታተሙ፣ በሱፍ ጨርቅ ላይ የተጠለፉ፣ ካይሮና ህንድ ውስጥ የአካባቢው ሰፊዎች የሠሯቸው። ለጀማሪ የታተሙት ይሻላሉ፤ ብዙ ስለተሠሩ ርካሽ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ቀለሙ በስሱ ሰርጎ ይታያል፤ ዳር ዳሩ ለመታጠፊያ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ሊኖረው ይችላል። የተጠለፈ ከሆነ በአጉሊ መነጽር ክሩን ይከተሉ። ጀርባው ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ወይም በካውያ የሚጣበቅ ሙጫ ካለ፣ ዙሪያው በወፍራም ክር ተቆልፎ የተሰፋ ከሆነ፣ ያስቀምጡትና ይሂዱ።

ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የብር ኖት መፈተሻውን አልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት። ከ1950ዎቹ ወዲህ በጨርቅና በክር ላይ የተለመደው ማንጫ በዚህ መብራት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል። ችግሩ፣ በዘመኑ የልብስ ሳሙና የታጠበ እውነተኛ ምልክትም ይበራል፤ አሮጌ ጨርቅ የተጠቀመ አስመሳይም ጭራሽ ላይበራ ይችላል። ጥርጣሬ ከቀረ ከጀርባው የተንጠለጠለ አንድ ክር በወረንጦ ይዘው ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሱፍ የፀጉር ሽታ አለው፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ጉዳዩ አለቀ።

ከምልክቱ ሥር 5 ሴንቲ ሜትር በ6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ቅዳጅ ካገኙ አይንቀሉት፤ የወታደሩን ሙያ የሚናገረው እሱ ነው። ቀይ ብቻ እግረኛ፣ ቀይና ቢጫ ብረት ለበስ፣ ሰማያዊና ነጭ መገናኛ ነው። ቀይና ሰማያዊ ሆኖ ቀዩ ወደ ፊት ከዞረ መድፈኛ፣ ሰማያዊው ከቀደመ መሐንዲስ ነው። ከልብሱ ተነቅሎ ለብቻው ከመጣ ግን የትኛው ቀለም ወደ ፊት እንደነበር ስለማይታወቅ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ከክንድ ምልክቱ ጋር የኮፍያ ባጅ (የብረት ምልክት) ካገኙ፣ ዘውዱን ይዩ። ቅስቱ ወደ ላይ ጉብ ካለ የንጉሥ ዘውድ ነው፤ መሐሉ ጎድጎድ ካለ በዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የመጣ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ጉብ ያለውን ስለመለሱ ግን አዲስ ባጅም የጥንት ሊመስል ይችላል። በማተሚያ የተመታ ባጅ ጀርባው የፊቱን ቅርጽ ተከትሎ ይጎደጉዳል። ቀልጦ የፈሰሰው ወፍራም ነው፤ ገጹም ጥቃቅን ቀዳዳ አለው።

ያገኙትን ሳይውል ሳያድር ይመዝግቡ፦ ከማን፣ መቼ፣ በስንት፣ ከየትኛው ልብስ ጋር። አይጠቡት፤ ቀዩ ቀለም ይፈሳል። በሙጫ አይለጥፉት፣ ላሚኔትም አያስደርጉት፤ አሲድ በሌለው ወረቀት ይያዙት። ሱፉን ብል ይበላዋል። አዲስ የገባውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለሁለት ሳምንት በማቀዝቀዣ ያቆዩት። ሲያወጡትም ከረጢቱን ሳይከፍቱ አንድ ቀን ያሳድሩት፤ ብርዱ ሳይለቀው ከተከፈተ እርጥበት ይይዘዋል።