ያገለገለ ዘይት ናፍታ ይሆናል ብላችሁ እርጎ ከሆነባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ይሄን የምጽፈው ስራውን ለጀመረ ሰው ነው። ዘይት ማጣራት፣ ሜታኖልና ፖታሽ (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ) መመጠን፣ ዘይቱ ነዳጅ ሲሆን የሚለየውን ግሊሰሪን ከስር መቅዳት ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። ትላልቅ የነዳጅ ማጣሪያዎች ስብና ዘይትን በሃይድሮጅን፣ በከፍተኛ ግፊት፣ ከ300 ዲግሪ በላይ እያሞቁ የሚያወጡት ታዳሽ ናፍታ ሌላ ነገር ነው፣ ጓሮ ውስጥ አይሰራም፣ ማንም አይሞክረው። እኔ የማወራው በሜታኖል ስለምንሰራው ባዮዲዝል ነው፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ለወፍጮ፣ ለጀነሬተርና ለውሃ ፓምፕ ስለሚሆነው።

ምልክት፦ የተሰራውን ነዳጅ ለማጠብ ውሃ ስትጨምሩበት ነጭ ይሆንና እንደ እርጎ ይያያዛል፣ ቢያድርም አይለይም

ሰው የሚደውልልኝ በአብዛኛው በዚህ ነው። ሁሉም መጀመሪያ ፖታሹን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ሜታኖሉን፣ ከዛ ማማሰያውን። እኔ ሄጄ ሳየው ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የማገኘው እርጥብ ዘይት ነው። ዘይት ውስጥ ውሃ ካለ ፖታሹ ዘይቱን ወደ ሳሙና ይቀይረዋል፣ ሳሙና ደግሞ ውሃና ዘይትን አጣብቆ ይይዛል፣ እርጎው እሱ ነው። ዘይቱ ብዙ ቀን ተጠብሶበት አሲዱ የጨመረ ከሆነ ያ አሲድ ራሱ ከፖታሽ ጋር ሳሙና ሲሰራ ሌላ ውሃ ይወልዳል፣ እየተባባሰ ይሄዳል።

ውሃው ከየት ይመጣል? ሱሉልታ አካባቢ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ 200 ሊትር ሰርተው ሁሉም እርጎ ሆነባቸው። ሄጄ ሳየው በርሜሉ ውስጥ የሰኩት ማማሰያ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሶስት ጊዜ ፖታሽ ቀይረዋል። «ልጄ፣ እኔ እንደዚህ በንጽህና እየሰራሁ» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ ችግሩ የመጣው ከንጽህናው ነው። ጀሪካኖቹን ማታ ማታ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጥበው ዘቅዝቀው ያሳድሯቸዋል፣ ጠዋት ዘይት ይቀዱባቸዋል። ቢጫው ጀሪካን እጀታው ውስጡ ባዶ ነው እኮ! ዘቅዝቃችሁት ቢያድርም ውሃ እዛ ውስጥ ይቀራል። አንዱን አንስቼ እያገላበጥኩ ሳንቀጠቅጠው የቡና ስኒ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ውሃ እየተንቆረቆረ ወጣ፣ ሳሙናው ሁሉ አብሮ። አስር ጀሪካን ላይ አስቡት። ከዛ ቀን ጀምሮ ጀሪካን በውሃ አያጥቡም፣ ትንሽ ሙቅ ዘይት አዙረውበት ይደፋሉ፣ በቃ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ችብስ ከሚጠብሱ አንዲት እትዬ የምንወስደው ዘይት እያስቸገረን እሳቸው ጋ ሄጄ ቁጭ ብዬ አየሁ። ድንቹን ከውሃ ባልዲ በእጃቸው አፈስ ያደርጉና ሳያንጠፈጥፉ ዘይቱ ውስጥ ይከቱታል፣ ዘይቱ መጋሉን ለማወቅም ውሃ ጠብ ያደርጉበታል። ማታ ሲጨርሱ እሳቱን አጥፍተው ወዲያው ወደ ጀሪካን ይገለብጡታል። እሳቸው ላይ ምንም ጥፋት የለም፣ ስራቸው መጥበስ ነው። የለመንኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ድንች ከወጣ በኋላ ዘይቱ መንጣጣቱን እስኪያቆም ትንሽ እሳት ላይ እንዲተዉት። ያቺ ትንሽ ደቂቃ ከእኛ የሁለት ቀን ስራ ትበልጣለች።

በጣም የሚያናድደኝ ግን በክረምት በፌስታል ወይም በበቆሎ ቆሮቆንዳ ተወትፎ ደጅ የሚያድር ጀሪካን ነው። ክዳን ስንት ብር ነው? በሐምሌ ዝናብ ያደረ ዘይት አምጥቶ «ማሽንህ አይሰራም» የሚል ሰው ምን ይባላል!

እርጥበቱን እንዲህ ለዩት። መጥበሻ በደንብ አግሉና ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ጣሉበት። ዝም ብሎ ከተዘረጋ ደረቅ ነው። ከተንጣጣ ወይም ደቃቅ አረፋ ካወጣ ውሃ አለበት፣ ወደ ሜታኖል አትሂዱ። ናሙናውን ከጀሪካኑ አናት አትውሰዱ፣ ውሃው ያለው ታች ነው።

ማድረቅ፦ እስከ 60 ዲግሪ አሙቁት፣ እሳቱን አጥፉና አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ፣ ከዛ ከስር ያለውን ውሃና ዝቃጭ በቫልቭ አውጡ። ይሄን ሳታደርጉ በቀጥታ ከ100 በላይ ላውጣው አትበሉ። ታች የተኛው ውሃ ድንገት ሲፈላ ከላይ ያለውን የጋለ ዘይት ተሸክሞ ነው የሚወጣው፣ አንድ ልጅ እጁ እስከ ክርኑ የተቃጠለው እንዲህ ነው፣ በርሜሉም እስከ አፉ ተሞልቶ ነበር። ዝቃጩን ካወጣችሁ በኋላ 70 ዲግሪ ላይ እያዞራችሁ በፓምፕ ከላይ እንደ ሻወር ርጩት፣ የበርሜሉን አፍ ክፍት አድርጉና ማራገቢያ ንፉበት። ሁለት ሶስት ሰዓት፣ ከዛ እንደገና መጥበሻው ላይ ፈትኑ። ይሄ የማድረቅ ስራ ገና ሜታኖል ሳይገባ ነው! ሜታኖል የገባበትን ነገር አፉን ከፍቶ ማሞቅ ራስን ማጥፋት ነው።

ቀጥሎ አሲዱን ለኩ። 1 ግራም ፖታሽ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጡ፣ 1 ሚሊ ዘይት በ10 ሚሊ አይሶፕሮፒል አልኮል አሟሙ፣ ፌኖልፍታሊን (ቀለሙን ቀይሮ አሲዱ ማለቁን የሚያሳየው) ካጣችሁ እርድ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጥቂት ጠብታ ጨምሩበት፣ የፖታሹን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ከቢጫ ወደ ቀይ ሲዞርና ሳይመለስ ሲቆይ የገባውን ሚሊ ቁጠሩ። 4 ሚሊ ከፈጀ 7 ደምሩበት፣ በሊትር 11 ግራም ፖታሽ ነው፣ ለ100 ሊትር 1100 ግራም ማለት ነው። ሜታኖሉ ከዘይቱ 20 እስከ 22 በመቶ ነው። ከ8 ሚሊ በላይ የሚፈጅ ዘይት ብቻውን አትስሩት፣ ከጥሩ ዘይት ጋር ቀላቅሉት። በግምት «አንድ ጣሳ ፖታሽ» የሚል ሰው ሳሙና ፋብሪካ ይክፈት።

አሁን እርጎ የሆነውን እንዴት እናድነው? መጀመሪያ ማማሰል አቁሙ፣ ባማሰላችሁት ቁጥር ይብሳል። ወደ 50 ዲግሪ አሙቁትና የገበታ ጨው በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ከላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፣ ለ100 ሊትር ሁለት ኪሎ ጨው ቢሆን አይበዛም፣ ሸፍናችሁ አሳድሩት። ብዙ ጊዜ ጠዋት መስመር ሰርቶ ታገኙታላችሁ። እንቢ ካለ አቼቶ ጨምሩ፣ ሳሙናውን ይሰብረዋል፣ ግን የተሰበረው ሳሙና አሲድ ሆኖ ነዳጁ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ እሱን ነዳጅ ብላችሁ ሞተር ውስጥ አትክተቱት፣ አድርቃችሁ ለሚቀጥለው ዙር ከአዲስ ዘይት ጋር ጨምሩት።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያያይዘው ሳሙና ሳይሆን ሳይቀየር የቀረ ዘይት ነው። ለመለየት 27 ሚሊ ሜታኖል ውስጥ 3 ሚሊ ነዳጅ ጨምራችሁ ነቅንቁ። ጥርት ብሎ ከተቀላቀለ ዘይቱ ሁሉ ተቀይሯል፣ ችግሩ ሳሙና ነው። ታች የዘይት ጠብታ ከተኛ ምላሹ (ዘይቱ ወደ ነዳጅ መቀየሩ) አላለቀም። ሙከራው ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ይሁን፣ በህዳር ጠዋት በረንዳ ላይ አድርጋችሁት ጥሩውን ነዳጅ እንዳትጥሉ።

ምልክት፦ ምላሹ አላለቀም፣ መጠኑ ግን ልክ ነበር

እዚህ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ሙቀቱ። ሰው ሁሉ 60 ዲግሪ ይላል፣ እሱ ለባህር ዳርቻ ሰው ነው። ሜታኖል በባህር ወለል በ64.7 ዲግሪ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ወደ 57 ዲግሪ ላይ ይፈላል። 60 ላይ ስታሞቁት ሜታኖሉ ተንኖ እየወጣ ነው፣ ምላሹ ሳያልቅ ይቀራል፣ ትነቱን ደግሞ እናንተ ትስቡታላችሁ። 50 ላይ አድርጉና ሁለት ሰዓት ሙሉ አማስሉት።

ሁለተኛ ፖታሹ። መርካቶ በፌስታል በኪሎ የሚሸጠው ፖታሽ አየር ላይ ውሎ እርጥበት የጠጣ ነው፣ ድርቅ ያለ ቅንጣት ሆኖ ካልተንኮሻኮሸ አትግዙት። ሜታኖልም ይበረዛል፣ 1 ሊትር መዝኑት፣ ወደ 790 ግራም መምጣት አለበት፣ 820 ከሆነ ውሃ ገብቶበታል።

ሜታኖል አይን ያጠፋል፣ በቆዳም ይገባል፣ ሲቃጠል ነበልባሉ ቀን ላይ አይታይም። ከሰል ያለበት፣ ምጣድ ያለበት፣ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ አትቅዱት። በውሃ ኮዳ አታስቀምጡት፣ አንድ ሰው አንስቶ ቢጎነጨውስ? ፖታሹን ሜታኖሉ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ ይግላል። አሉሚኒየም ድስት ውስጥ በፍጹም፣ ሃይድሮጅን ያወጣል።

ምልክት፦ ጠዋት ሞተሩ አይነሳም፣ ፊልትሮው ውስጥ ቅቤ የመሰለ ነገር አለ

የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ከፓልም የተሰራ ባዮዲዝል ወደ 15 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል፣ የአዲስ አበባ የታህሳስ ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። የከብት ሞራም እንዲሁ ነው፣ ጾም ሲፈታ ሞራ የተቀላቀለበት ዘይት በብዛት ስለሚመጣ ያን ሰሞን ለይታችሁ ያዙት። በብርድ ወራት ከ20 በመቶ በላይ ከናፍታ ጋር አትቀላቅሉ። አዋሽና አዳማ ላለ ሰው ይሄ ብዙ አያስጨንቀውም።

ምልክት፦ መጠቀም በጀመራችሁ በሳምንቱ ፊልትሮ ይደፈናል

ባዮዲዝል የድሮውን የታንክ ቆሻሻ አጥቦ ያወርደዋል። መለዋወጫ ፊልትሮ ይዛችሁ ሁለት ሶስቴ ቀይሩ፣ ከዛ ይቆማል።

የነዳጅ ጎማው ካበጠና ከለሰለሰ የተፈጥሮ ጎማ ነው፣ ቫይተን የሚባለውን ሰው ሰራሽ ጎማ አድርጉ። መዳብና ነሐስ መገጣጠሚያ ነዳጁን ያበላሻል፣ አውጡት። የበርሜሉ የታችኛው ቫልቭ ከተደፈነ በፖታሽ ፋንታ ኮስቲክ ሶዳ ተጠቅማችሁ ግሊሰሪኑ ረግቶ ነው፣ ከውጭ በሙቅ ውሃ ጨርቅ አሙቁት፣ በእሳት አይደለም!

የጉሎ ዘይት በጣም ወፍራም ነው፣ ከሜታኖል ጋር ስለሚዋሃድ ግሊሰሪኑም በደንብ አይለይም፣ ብቻውን ተዉት። ወሎ ባቲ በኩል አጥር የሚሆነው አይደርቄ ወይም ጃትሮፋ ይሰራል፣ አሲዱን ሳትለኩ ግን አትንኩት፣ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ መርዝ ስለሆነ ለከብት አይሰጥም።

ያለቀውን ነዳጅ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ ጥላ ውስጥ፣ በትክክለኛ ክዳን ዘግታችሁ አስቀምጡ፣ ከ3 ወር በላይ አታቆዩት። ከየዙሩ አንድ ጠርሙስ ናሙና ቀን ጽፋችሁበት ያዙ፣ ስትደውሉልኝ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።