አመድ ለድሬ አይሆንም፦ የበረሃ ጓሮን ምን እናብላው?

ያደግኩት እንጅባራ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ ጠርጋ ጎመኑ ሥር ትበትነው ነበር። ጎመኑም ያምርበታል። ድሬዳዋ ስመጣ ይህንኑ ሙያ ይዤ መጣሁ። ከዚራ በተከራየሁት ቤት ጓሮ አንዲት የሎሚ ችግኝ ነበረች። አመድ አበላኋት። የእንቁላል ቅርፊትም ወቅጬ ጨመርኩላት። ብዙም ሳይቆይ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፤ ደም ሥራቸው ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ውሃ ጠምቷት ነው ብዬ ውሃ አበዛሁባት። ባሰባት።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የእንጅባራ አፈር በዝናብ የታጠበ አሲዳማ አፈር ነው። እዚያ ገበሬው ኖራ ይበትንበታል፤ አመድም የኖራን ሥራ ያግዛል። ድሬ ግን ኖራ ድንጋይ የተትረፈረፈባት ከተማ ናት። የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። እኔ በኖራ ላይ ኖራ ስጨምር አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ተቆልፎ ይቀራል። ሎሚዋ ምግቡ አጠገቧ እያለ ትራባለች።

ስለዚህ ማዳበሪያ ከመምረጣችሁ በፊት አፈራችሁን ፈትኑት። አንድ ማንኪያ ደረቅ አፈር ሲኒ ላይ አድርጉና አቼቶ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ከተንቸሰቸሰና አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። የእኔማ እንደ አምቦ ውሃ ነው የፈላው። እንዲህ ከሆነባችሁ አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የአጥንት ዱቄት ይቅርባችሁ። አጥንት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ በደንብ የሚሟሟው አሲዳማ አፈር ላይ ነው። እዚህ ብትቀብሩት ውሻ ቆፍሮ ያወጣዋል እንጂ ተክሉ እምብዛም አይጠቀምበትም።

የበረሃ አፈር ካልሲየም ሞልቶታል። የሚያጣው የበሰበሰ ነገር ነው። ውሃ የሚይዝለት፣ የተቆለፈውን ብረትም የሚያላቅቅለት እሱ ነው።

ለእኔ አንደኛው የፍየል በጠጥ ነው። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፤ ጫት ተቅሞ ሲያበቃ ገራባው በር ላይ ይጣላል፣ ፍየሎች እየተሻሙ ይለቅሙታል። ጎረቤቴ አምስት ፍየል አላቸው። በጠጡ ደረቅ ነው፣ ብዙ አይሸትም፣ በአካፋ ለማፈስ ይመቻል። እንደ ዶሮ ኩስ ሥር አያቃጥልም። ቢሆንም ትኩሱን አልጨምርም፤ መጀመሪያ ጉድጓድ ይገባል።

ስለ ጉድጓዱ ላውራ። ደጋ ላይ ብስባሽ ከመሬት በላይ ይቆለላል። እዚህ የቆለላችሁት ነገር ይደርቃል እንጂ አይበሰብስም። የእኔ ጉድጓድ ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ ነው። አንድ ረድፍ ገራባና ደረቅ ቅጠል፣ አንድ ረድፍ በጠጥ፣ ከላይ የድንችና የሙዝ ልጣጭ፣ ከዚያ ውሃ። እንዲህ እየደራረብኩ እሞላና በጆንያ እሸፍነዋለሁ። መሃሉ ላይ አንድ ዱላ ሰክቼ እተዋለሁ። በየሳምንቱ ዱላውን መዝዤ በእጄ እይዘዋለሁ። ሞቅ ያለና እርጥብ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው ጥቁር ሆኖ ይፈረፈራል፤ ሽታውም ዝናብ የነካው መሬት ነው። ያኔ ደርሷል።

የዶሮ ኩስ ኃይለኛ ነው። አንዴ ትኩሱን ቃሪያ ላይ በትኜ በሳምንቱ የቅጠሉ ዳር በእሳት የተለበለበ መሰለ። ከጉድጓዱ ካላለፈ እጄ አይነካውም። የግመልና የአህያ ፋንድያም ይሆናል፤ የአረም ዘር ስለማያጣው እሱም ይበስብስ። ሰላጣና ጥሬ ለሚበላ ነገርማ ትኩስ ፍግ ጨርሶ አታስጠጉ፤ ለጤናም አይበጅም።

ወደ ቤት ውስጥ አበቦች ስንገባ ጠላታችን ጨው ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የፖቱም ከንፈር ላይ ይጋገራል። በላዩ ማዳበሪያ ስትደርቡበት ሥሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ቀድማችሁ እጠቡት፦ ውሃው በሥር በኩል እስኪወርድ አጠጡ፣ ቆይታችሁ ድገሙት፣ የወረደውን ድፉት። የዝናብ ውሃ ካጠራቀማችሁማ እሰየው። ከዚያ የተነፋ ብስባሽ አንድ ጣት ያህል ከላይ አልብሱት። እኔ በዓመት ሁለቴ፣ መጋቢትና ነሐሴ ላይ አደርገዋለሁ። እሬትና ቁልቋል በዓመት አንድ ጭብጥ ይበቃቸዋል። ካጠገባችኋቸው ይለሰልሱና ይበሰብሳሉ።

የቡና አተላን ሁሉም ሰው ይመክራል። ፖት ላይ ስትደፉት ግን እንደ ቂጣ ይደርቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ ትንንሽ ዝንቦችም ይፈለፈሉበታል። ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት። በጨው የተፈላ ቡና ከሆነ ግን አተላው እዚያም አይግባ።

ግንቦትና ሰኔ ላይ ምንም አልሰጥም። በዚያ ሙቀት ተክሉም እንደኛ የምግብ ፍላጎት የለውም። በሌላው ጊዜ ማታ ማታ፣ አፈሩን መጀመሪያ አርጥቤ ነው።

ሎሚዋን አመድ ከለከልኳት። ከግንዱ ራቅ አድርጌ፣ የቅርንጫፎቿ ጫፍ በሚደርስበት ዙሪያ ብስባሽ ቀበርኩላት። ላዩን ደረቅ ገራባ አለበስኩት። ዓመት ፈጅቶባታል፤ ከዚያ በኋላ ያወጣቻቸው ቅጠሎች ግን አረንጓዴ ናቸው። አሁን ታፈራለች። ባለፍየሏ ጎረቤቴ በጠጡን በነፃ ነበር የሚሰጡኝ። ዘንድሮ አንዱን ጆንያ በአሥር ሎሚ አድርገውታል።