አዲሱ ፋይል በአሮጌው ሲበላ፦ የሁለት ኮምፒውተር ባክአፕ ችግርና መፍትሄ

ቤት ላፕቶፕ፣ ቢሮ ዴስክቶፕ፣ በመሃል የሚመላለስ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም እንደ ሲንክቲንግ ያለ የሁለቱን ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያመሳስል ነፃ ፕሮግራም፤ የብዙዎቻችን ባክአፕ ይኸው ነው። ከከፋው ችግር ልጀምር።

ትናንት ያረማችሁት ፋይል ዛሬ የድሮው ሆኖ ተከፈተ

ፕሮግራሙን ከመውቀሳችሁ በፊት የሁለቱንም ኮምፒውተሮች ቀንና ሰዓት እዩ። ብዙ የማመሳሰያ ፕሮግራሞች አዲሱን ከአሮጌው የሚለዩት ፋይሉ መጨረሻ በተቀየረበት ሰዓት ነው። ያረጀ ዴስክቶፕ የማዘርቦርዱ (የውስጥ ዋና ሰሌዳው) ባትሪ ከሞተ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዛሬ የጻፋችሁት ደብዳቤ የድሮ ይመስልና እውነተኛው አሮጌ ቅጂ ይጫንበታል። ሲአር2032 የምትባለውን ባለ 3 ቮልት ዝርግ ባትሪ ቀይሩ፤ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት እንዲወስድ አድርጉት።

ሌላው ጥፋት የራሳችን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 9፡00 ሲል «ተሳስቷል» ብሎ 3፡00 የሚያደርገው ሰው አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስቀምጠው ፋይል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ከሞላው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። (ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደለም እያሉ አልከፈት ሲሏችሁም መጀመሪያ ይህንኑ አጣሩ።) ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ተዉት፤ የሰዓት ቀጠናው ላይ ናይሮቢ የሚለው ለእኛም ይሠራል።

አንዱ ፋይል ሁለት ሆነ፣ አንደኛው ስም ላይ «ኮንፍሊክት» ተጽፏል

ኮንፍሊክት ግጭት ማለት ነው፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሳይገናኙ ፋይሉ በሁለቱም ላይ ታርሟል። ሲንክቲንግ የቀደመ ሰዓት ያለውን ለይቶ ስሙን ይቀይረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለቱንም ከፍታችሁ ሳታስተያዩ አትሰርዙ። በተለይ ሰዓቱ የተዛባ ከነበረ ትክክለኛው «ኮንፍሊክት» የተባለው ሊሆን ይችላል።

ምንም ሳትነኩ ሁሉም ፋይል «ተቀይሯል» ይላል

ዲስኩ ወይም ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት32 (በቆየ የፋይል አያያዝ ዘዴ) ይሆናል። ፋት32 የተቀየረበትን ሰዓት በ2 ሰከንድ እርከን ስለሚመዘግብ ከላፕቶፑ ጋር ልክ አይገጥምም። በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ የ2 ሰከንድ ልዩነት እንዲያልፍ ፍቀዱ። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ቪዲዮ አልገባ ካለም ምክንያቱ ይኸው ፋት32 ነው፤ ያኔ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ አውጥታችሁ ዲስኩን ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ዘዴ ፎርማት ማድረግ ይሻላል።

አንድ ፎልደር ሁለት ቦታ ተከፈለ

ቤት «ሥራ»፣ ቢሮ «ስራ» ብላችኋል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያየ ስም። ኃይሉና ሃይሉም እንደዚሁ። አንዱን ፊደል ምረጡና አስማሙ።

ፋይሉ ከሁለቱም ኮምፒውተር ጠፋ

ማመሳሰል ባክአፕ አይደለም፤ አንዱ ጋ የሰረዛችሁት ሌላው ጋም ይሰረዛል። ሲንክቲንግ የቆየውን ቅጂ የሚያስቀምጥ አማራጭ አለው፣ እናንተ ካላበራችሁት ግን አይሠራም፤ ዛሬውኑ አብሩት። ከዚያ ውጭ በሳምንት አንዴ ብቻ የሚሰካ ሌላ ዲስክ ይኑራችሁ።

አሁኑኑ ከጠፋባችሁና ሌላኛው ኮምፒውተር ገና ካልተከፈተ፣ ቅጂው እዚያ አለ። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩንም ከራውተሩ አጥፉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ክፈቱና ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ።