በገጠር የተቆለፈ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን በአንድ ክረምት እንዴት መክፈት ይቻላል

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች "ቤተ መጻሕፍት" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል አለ፤ በሩ ግን ተቆልፎ ይከርማል። ይህ የሚሆነው በመምህራኑ ስንፍና አይደለም። መጻሕፍቱ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ የተደረጉ የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ የጎደለው ሁሉ የሚጠየቀው ከተረከባቸው ሰው ነው። ከደመወዜ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚሰጋ መምህር ደግሞ ለልጆች ከማዋስ ቆልፎ ማስቀመጥን ይመርጣል። ለክረምት በጎ ፈቃድ የሚሄድ ቡድን ይህን ስጋት ሳያቃልል 1,000 መጽሐፍ ቢያደርስ የተቆለፈውን ቁጥር ከማብዛት አያልፍም። የሚከተለው አካሄድ ለ3 ወይም ለ4 ሰዎች በ30 ቀን የተሰላ ነው።

1. በሰኔ የሚያልቅ ዝግጅት

ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ያለ ደብዳቤ መንደር የገባ ቡድን ማንነቱ እስኪጣራ ቀናት ይባክኑበታል።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ ለርዕሰ መምህሩ ደውሉና አራት ነገር ጠይቁ፦ ልጆቹ የሚማሩት በምን ቋንቋ ነው? በየክፍሉ ስንት ተማሪ አለ? የክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል? በክረምት ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። ብዙ መምህራን በክረምት ለሥልጠና ወይም ለዕረፍት ስለሚሄዱ ቁልፉም አብሯቸው ይሄዳል። የቋንቋውንም ነገር በግምት አትለፉት። አማራ ክልል ነው ብላችሁ አማርኛ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ለምሳሌ በአዊ ልጆቹ አዊኛ፣ በዋግ ኽምራ ኽምጣኛ ሊጠብቋችሁ ይችላሉ።

ለመነሻ 200 መጽሐፍ ይበቃል። ከእነዚህ 120 ያህሉ ከ16 እስከ 32 ገጽ ያላቸው፣ ሥዕል የበዛባቸው፣ ፊደላቸው ትልልቅ የሆኑ ይሁኑ። 50 ያህሉ ለላይኛዎቹ ክፍሎች፣ የቀረው መዝገበ ቃላትና ለመምህራን የሚሆን ይሁን። ከአንዳንዱ ርዕስ 4 ወይም 5 ቅጂ ያዙ፤ ለቡድን ንባብ ያስፈልጋል። የድሮ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ፣ የዩኒቨርሲቲ ሃንድአውት፣ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲሰጧችሁ በትሕትና መልሱ። የማይነበብ መጽሐፍ መደርደሪያውን ሞልቶ የሚነበበውን ይደብቃል።

መጽሐፉን ከ15 ኪሎ በማይበልጥ ካርቶን፣ በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ እሸጉ። መኪናው ከቆመበት ያለው መንገድ በአህያ ወይም በትከሻ ነው፤ እኩል የከበዱ ካርቶኖች በግራና በቀኝ ሚዛን ይይዛሉ። ከ2,000 ሜትር በታች ወደሆነ አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ አጎበር አትርሱ።

2. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ካርቶኑን አትፍቱ። ርዕሰ መምህሩን፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር፣ የወላጅ መምህራን ኅብረቱን ሰብሳቢ፣ እንደ አካባቢው የኔታን ወይም ሼሁን ሰላም በሉ። ልጆቹ መቼ እንደሚፈቱ ወላጆችን ጠይቁ። ክረምት የአረም ጊዜ ነው፤ ወንዱ ከብት ይዞ ይወጣል፣ ሴቷ ውኃ ትቀዳለች። በብዙ ቦታ ገበሬው እርሻ የማይነካባቸው ወርኃዊ በዓላት፣ ለምሳሌ 12፣ 21 እና 29፣ ከሌላው ቀን የበለጠ ልጅ የሚገኝባቸው ናቸው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ልጆቹ ሊቆርቡ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውሉ እኩለ ቀን ላይ የተያዘ ፕሮግራም ባዶ ይሆናል፤ ጠዋት ወይም ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት።

በእነዚሁ ቀናት የወላጅ መምህራን ኅብረቱ እንዲሰበሰብ አድርጉና የመጥፋትን ጉዳይ በግልጽ አንሱ። የሚዋስ መጽሐፍ ይቀደዳል፣ ጥቂቱም ይጠፋል። ከ100 መጽሐፍ በዓመት ስንቱ ቢጎድል በአገልግሎት እንዳለቀ ተቆጥሮ እንደሚሰረዝ፣ የሚሰርዘው ማን እንደሆነ፣ ከወረዳው ንብረት ክፍል ጋር ተነጋግረው በቃለ ጉባኤ ያስፍሩት፤ ሁሉም ይፈርሙበት። የወሩ ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህች አንድ ገጽ ላይ ነው። ሳትፈረም መጻሕፍቱን ብታስረክቡ በመስከረም በሩ ተመልሶ ይቆለፋል።

3. ክፍሉና መደርደሪያው

የመጽሐፍ ጠላት እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ ነው። መጀመሪያ ዝናብ ሲዘንብ ገብታችሁ ጣሪያውን እዩ፤ በደረቅ ቀን ቀዳዳው አይታይም። የባሕር ዛፍ ጣውላ ርካሽ ነው፤ ግን እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማልና የደረቀውን ግዙ። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ80 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ 30 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ከዚያ የረዘመ ጣውላ ይጎብጣል።

መደርደሪያውን ከጭቃ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር አርቁት፤ የታችኛው ረድፍ ከወለል 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። እግሮቹን በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቁሙና ጣሳዎቹ ውስጥ ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ ዘይት ጨምሩ፤ ምስጥ በዚያ አይሻገርም። ከግድግዳው ጋር የነካካ አንድ እንጨት ካለ ግን ዘይቱ ከንቱ ነው። ለትንንሾቹ ልጆች በቁመታቸው ልክ ግድግዳው ላይ ሲባጎ ወጥሩና መጻሕፍቱን ሽፋናቸው እንዲታይ ስቀሉ። ገና ማንበብ ያልቻለ ልጅ የሚመርጠው በሥዕሉ ነው።

4. ምዝገባና ጥገና

አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ ይበቃል፦ ተራ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቋንቋ፣ ደረጃ፣ የገባበት ቀን። ቁጥሩን በርዕሱ ገጽና በአንድ የተወሰነ የውስጥ ገጽ ላይ ጻፉ፤ ሽፋኑ ቢገነጠልም መጽሐፉ ይታወቃል። ረጃጅም የቤተ መጻሕፍት ቁጥሮች ለ200 መጽሐፍ አያስፈልጉም። ባለ ቀለም ወረቀት በጀርባው ላይ ለጥፉ፦ ቀይ ለጀማሪ፣ ቢጫ ለመካከለኛ፣ አረንጓዴ ለደህና አንባቢ።

የተገነጠለውን በመርፌና በወፍራም ክር ስፉ፣ ጀርባውን በነጭ ኮላ አጣብቁ። በስንዴ ሊጥ አትለጥፉ፤ አይጥና ነቀዝ ይጠራል። ተራ ፕላስተርም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ገጹን ያበላሻል። የረጠበ መጽሐፍ ካለ በየመሐሉ ወረቀት እየከተታችሁ በጥላ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይጠማዘዛል።

5. ንባቡ

ከ8 እስከ 10 ልጅ በአንድ ቡድን፣ 40 ደቂቃ። መጀመሪያ ልጁ የት እንዳለ እወቁ። ሀ ሁ ሂ ብሎ እስከ ፐ የሚወርድ ልጅ ፊደል ያወቀ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የያዘው ግን ዜማውን ነው። ገበታውን ያለ ቅደም ተከተል እየጠቆማችሁ ጠይቁት። ለ፣ ሰ እና ሸ ወይም ቀ፣ ተ እና ቸ የሚምታቱበት ልጅ ወዲያው ይታወቃል። ሳድሱ ደግሞ በየፊደሉ ቅርጹ ስለሚለያይ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው፤ ል፣ ም፣ ስ፣ ርን ለብቻ አለማምዱ። የኔታ ዘንድ የቆጠረ ልጅ ካገኛችሁ የቡድኑ መሪ አድርጉት።

ከዚያ እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ በመጨረሻ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ መጽሐፍ። ሲሳሳቱ በየቃሉ አታቋርጡ። አማርኛ ጥብቀትን (ፊደሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን) ስለማይጽፍ "ገና" በዓሉ ይሁን "እስካሁን" ማለት የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው፤ ተመልሶ ራሱን እንዲያርም ጊዜ ስጡት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማሩ አዛውንት በመንደሩ ካሉ ጋብዟቸው። እማማ ወይም አባባ ሲያነቡ ያየ ልጅ ንባብ የትምህርት ቤት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

በሩን ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻችሁ አትቀመጡ። ያለ ወላጅ ፈቃድ ፎቶ አታንሱ፣ ገንዘብም አትስጡ።

6. ርክክብ

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል 6 ተማሪ ምረጡ፣ ግማሹ ሴቶች ይሁኑ። ደንቡ አጭር ነው፦ ለአንድ ልጅ አንድ መጽሐፍ ለ7 ቀን፤ ሲወጣም ሲመለስም ይፈርማል፤ ቤት ሲወስድ በላስቲክ ይጠቀለላል። ሴት ልጆች ከትምህርት በኋላ መቆየት ስለማይችሉ ማዋሱ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለእነርሱ ነው። ቁልፉ ሁለት ይሁን፦ አንዱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ፣ ሌላው ዘወትር ግቢው ውስጥ በሚገኘው ዘበኛ እጅ።

የመጨረሻውን ሳምንት ከክፍሉ ውጡ። ተማሪዎቹ ይክፈቱ፣ ይመዝግቡ፣ ያዋሱ፤ የሚያቅታቸውን ከበር ውጭ ሆናችሁ አስተውሉና ማታ አስተካክሉ። በኅዳር ለርዕሰ መምህሩ ደውላችሁ ባለፈው ሳምንት ስንት መጽሐፍ እንደወጣና ስንት እንደተመለሰ ጠይቁ። አንድም ካልወጣ ስለ ቃለ ጉባኤው አንሱ፤ ርዕሰ መምህሩ ተቀይረው ከሆነ አዲሱ ሰው ገጿን አላዩዋት ይሆናል።